መቅረትን መለማመድ

ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ ኩሺሮን ሲውጣት፣
ነጯን ሚኒባሴን በሁለተኛ ማርሽ እየገፋሁ ስነዳት፣
ልክ አንድ ሰዓት ከአርባ፣ ከሰማያዊው በር፣
ሁለት ጥላ አያለሁ፦ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር።

ረጅሙ ኖቦሩ ነው፣ አርባ ሦስት ዓመቱ።
አጭሯ ፉሳኤ፣ ከወገቧ የታጠፈች እናቱ።
ግራ እግሩን አስቀድሞ ይገባል፤ ሦስተኛው ወንበር የሱ ነው።
ከቤቱ እስከ ማእከሉ ሰባት የትራፊክ መብራት አለ፤
ስንቱ ቀይ፣ ስንቱ አረንጓዴ፣ ለተሳፋሪው የሚያበስር እሱ ነው።
ሰላምታዬን አይመልስም። መብራት ግን ዘልሎ አያውቅም።
እኔ አንድ ሁለቴ ዘልያለሁ።

ማእከሉ ውስጥ ደረቅ የባሕር ቅጠል ይመዝናል፤
መቶ ግራም ካሉት መቶ ግራም ነው፣ ሚዛኑን ያሳፍራል።

ፉሳኤ ደብተር አላት፣ ጠርዙ የተበላ።
"ሩዙና ዓሣው ከተነካኩ አይቀምስም፤ ስጡት በሌላ
ሳህን።
ነጎድጓድ ሲመጣ አትያዙት፤ አጠገቡ ቁሙ።
ሲስቅ ሁሌ ደስ ብሎት አይምሰላችሁ፤
አንዳንዴ ጥርሱ ላይ ነው ሕመሙ።"
እንዲህ ሠላሳ ዓመት፣ ማን እንደሚያነበው ሳታውቅ ጻፈች።

ከከተማው ጽሕፈት ቤት ሚያኬ መጣች፣ ቅጽ ይዛ፣
ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ብዕሯን ከኪሷ መዝዛ፣
"ልጅዎ በቀን ስንት ሰዓት ድጋፍ ይሻል?" ብላ ጠየቀች።
"ቀኑ ስንት ሰዓት ነው?" አለች ፉሳኤ።
ሚያኬ ብዕሯን አስቀመጠች።
ከዚያ ነው ወሬው ወደ ዳሌዋ የዞረው፣ ወደ ሐኪሙ ቃል፣
በየክረምቱ ወደሚረዝመው ደረጃ፤
ከወንዙ ማዶ፣ በወር አንድ ሌሊት
እንግዳ ወደሚያሳድረው ቤት፤
አልጋ አለው፣ እስኪነጋ የሚነቃ ሰው አለው።

ዓሣ ሱቁ ጋ ሐሜቱ ቀደማት፦ "ልጇን ጣለችው።"
ፉሳኤ ሂሳቧን ከፈለች፣ መልሷን አንድ በአንድ ቆጠረች።
"መቅረትን ልለማመድ ነው" አለች።
"ሞት ሲመጣ አያስለምድም፤
እኔ ነኝ የማስለምደው።"

በመጀመሪያዋ ማታ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት
ስልኩ ጮኸ። ያነሣችው ተረኛዋ ቺናሚ ናት፤
የነገረችኝም እሷው።
"ጠራኝ?"
"አልጠራዎትም።"
"አለቀሰ?"
"ተኝቷል፤ ያንኮራፋል።"
"ሩዙስ?"
"ለብቻው። ጨረሰው።"
"ጥሩ" አለች ፉሳኤ። ስልኩን ግን አልዘጋችም።
ቺናሚም አልዘጋችባት።
የወደቡ የጉም ጡሩንባ በሁለቱም መስኮት ገባ፣
ባንደኛው ትንሽ ቀድሞ።
አርባ ሦስት ዓመት የለመነችው ይኸንኑ ነበር፣
ያለሷ ተኝቶ እንዲያድር።
አደረ። ሆዷም ባባ።

ጧት ጉሙ የለም፤ ሰማዩ የታጠበ ብርጭቆ።
ኖቦሩን ከወንዙ ማዶ አነሣሁት፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አንቆ።
"አንድ" አለ። "ሁለት"። "ሦስት"። "አራት"።
ማእከሉ ደረስን። አቆምኩ። አልወረደም።
በዚያ በኩል መብራቱ አራት ብቻ ነው፤ አላሰብኩትም።
"አራት" አለ። ጣቶቹን አየ። መሳቅ ጀመረ፣
ሳቁ እየከረረ።
ደብተሩ ትዝ አለኝ።

ሞተሩን አስነሣሁ። ማዩኮ ከኋላ "ጠፋን!" ብላ አጨበጨበች።
በድልድዩ ዞርን። "አምስት"።
በቀዝቃዛ መጋዘኖቹ ጀርባ። "ስድስት"።
አንድ ሰዓት ከአርባ ካለፈ ቆይቷል፤
እሷ ግን ሰማያዊው በር ላይ ካፖርቷን ለብሳ ቆማለች፣
ቀኝ እጇ የማንንም እጅ ሳይዝ እንደያዘ ጨበጥ ብሎ።
አላቆምኩም። መብራቴን አንዴ አጠፋሁ፣ አበራሁ።
እሱ አላያት ይሆናል፤ ወይ አይቶ ተወው፤
ዐይኑ ቀዩ ላይ ነው።
"ሰባት" አለ።
ሳቁ ቆመ።
ስንመለስ ያለፍናቸውን አልቆጠራቸውም፤ ሞልቷል።

ማታ የነዳጁን መዝገብ ሞላሁ፦
ትርፍ መንገድ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር።
"ምክንያት" ከሚለው ፊት ለፊት
"ጉም" ብዬ ጻፍኩ።